የጓድ አብተው እግር

ሐይቅ ከተማ አዲስ ነገር ሲገባ ሁላችንም እናየዋለን፤ መጀመሪያ የሚመኘው ግን ጓድ አብተው ነበር። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የመጣችው ቢጫ ሞተር ሳይክልም ከዓይኑ አላመለጠችም። ከደሴ በጭነት መኪና ተጭና መጥታ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስትወርድ ዙሪያዋን እየዞረ መቀመጫዋን ዳበሰ፣ መብራቷን በመሐረቡ ጠረገ፣ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለክትባት ሥራ ትንሽ አልበዛችም?» አለ።

ጓድ አብተው የተሽከርካሪ ምደባ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ሥልጣኑ ከባድ እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ የሚመደበው ተሽከርካሪ ጎማዋ የተፈታ አንዲት ጂፕ ብቻ ነበረች፤ እሷም ውስጥ የጥበቃው ዶሮዎች ይፈለፍሉባታል። ቢሆንም ኮሚቴው በየሳምንቱ ይሰበሰባል፣ ጂፗ ለማን እንደምትመደብ ይወያያል፣ መፈክር አሰምቶ ይበተናል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እንለው ነበር፤ ዘወር ሲል ግን «እሱ» ነው። እዚህ ስለሌለ እኔም እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሞተሯን የሰጡት የእርዳታ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቀው ተናግረዋል፦ ትምህርቱን ተከታትሎ ፈተናውን ያለፈ የክትባት ሠራተኛ ይንዳት። በእኛ አካባቢ ደግሞ የክትባት ሠራተኛ ማለት ፈዲላ ናት፤ ሌላ የለም። ፈተናውን ካላለፈች ኮሚቴው ሞተሯን «ለሌላ አጣዳፊ ሥራ» መመደብ ይችላል የሚል ነገር በኋላ ተጨመረበት። ማን እንደጨመረው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ፈዲላ ሞተሯን የፈለገቻት ለሽርሽር አይደለም። ባለፈው ክረምት አምባሰል ላይ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። መድኃኒቱ እዚህ ሐይቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ያሉት እዚያ ተራራ ላይ ነው። የበረዶውን ሣጥን ተሸክማ በእግሯ ወጣች። ዳገቱን ሳታጋምስ በረዶው ቀለጠ፤ ላይ ስትደርስ በእጇ የቀረው የሞቀ ውኃና የማይረባ ብልቃጥ ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈው ይጠብቋት ነበር፤ ባዶዋን ተመለሰች። ከነዚያ ልጆች ስንቱ በዚያው ክረምት እንደተቀበረ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ተቆጥታ ነበር። እኔም ተቆጣሁ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔ ትሁን እባላለሁ፤ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበርኩ። ለአንዲት ሴት ብቻ አሠልጣኝ ማስመጣት «የብዙኃን ተሳትፎን ያጓድላል» ስለተባለ እኔና የእርሻ ሠራተኛው ኑርዬ ለማሟያ ተጨመርን። ኑርዬ በበቅሎ ግልቢያ ስሙ እስከ ውጫሌ የሚታወቅ ሰው ነው። «ሞተር ምንድን ነው? መኖ የማትበላ በቅሎ ማለት አይደለች?» እያለ ከትምህርቱ በፊት ገበያ ለገበያ ሲጎርር ከረመ።

አሠልጣኛችን ጓድ ሙሉአለም ከደሴ መጣ። ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቷል። ቤንዚን በራሽን ስለሆነ ሞተሯን ለረጅም ጊዜ አልነካናትም። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣላት፤ እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተፈናጠን «አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ» እያልን ጮኽን። ፈዲላም ከቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ለብሳ፣ ሻርፗን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትነዳ ጀመር። በመስኮት የሚያየን ሕዝብ አብደዋል ብሎ ደምድሟል።

ከሁሉ ትዝ የሚለኝ ስለ መንገድ ደኅንነት የሰጠን ትምህርት ነው።

«ድሮ ድሃው ባላባት ሲያይ ከበቅሎው ዘሎ ይወርድ ነበር፤» አለ እየተንጎራደደ። «አብዮቱ ከዚህ ውርደት ገላግሎናል። በዚያ ላይ መንገድ መሀል መውረድ አደጋ ነው። ከኋላ የሚመጣ መኪና ይደፋችኋል። ስለዚህ ነጂ ለማንም አይወርድም። ድገሙ።»

«ነጂ ለማንም አይወርድም፤» አልን።

ቀጥሎ ስለ ትራፊክ መብራት አስተማረን፤ ሐይቅ ውስጥ እንኳን የትራፊክ መብራት የመንገድ መብራትም የለም። ቀይ ቁም ማለት ነው ሲል ኑርዬ እጁን አወጣ።

«ቀይ የአብዮታችን ቀለም አይደል እንዴ? አብዮታችን ወደፊት ነው የሚለው። እንዴት ቁም ይላል?»

ጓድ ሙሉአለም ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ደሴ ጠይቄ እነግራችኋለሁ ብሎ ወደ ቢጫ መብራት ተሻገረ። እስከ ዛሬ መልሱን አልሰማንም።

በመጨረሻ ቤንዚን ተገኘና ወደ ሐይቁ ዳር ሜዳ ወረድን። የመጀመሪያው ባለ ተራ ኑርዬ ነው። ከሞተሯ ግራ ዞሮ፣ አንገቷን መታ መታ አድርጎ፣ ቢስሚላህ ብሎ ወጣ። በቅሎ ላይ እንደሚቀመጠው ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ያምርበት ነበር። ችግሩ የመጣው ውኃው ሲቀርብ ነው። ለማቆም ፈለገ፤ እጁም ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ፣ ወደ ራሱ ሳበ።

በቅሎ ልጓሟ ወደ ኋላ ሲሳብ ትቆማለች። ሞተር ግን የቀኝ እጀታዋ ወደ ነጂው ሲጠመዘዝ ቤንዚን ነው የሚሰጣት። ኑርዬ ሳበ፤ ሞተሯ ፈጠነች። ስትፈጥን ደነገጠና አጥብቆ ሳበ። «ሃይ ቁሚ፣ ሃይ» እያለ ቄጠማውን ሰንጥቆ ከነሞተሯ ሐይቁ ውስጥ ገባ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ደርሶ ጎተተው። ከውኃው ሲወጣ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «አፈ ደንዳና ናት» የሚል ነበር።

ሞተሯ ደርቃ እንደተነሣች የእኔ ተራ ደረሰ። በኑርዬ ስቄ ስለነበር ቀልቤን ሰብስቤ ወጣሁ። አንድ በግ መንገዴ ላይ ገባ፤ ሳብኩ፤ የቁልቋል አጥር ውስጥ ተገኘሁ። እሾኹን ከየት ከየት እንዳወጡልኝ አልዘረዝርም።

ጓድ ሙሉአለም ነገሩን አጥንቶ «በክንዳችሁ ውስጥ የፊውዳል ርዝራዥ አለ» አለን። መፍትሔውም በየመነሻው መፈክር ማሰማት ሆነ። መፈክር ሲሰማ ደግሞ ግራ እጅ በቡጢ ወደ ላይ መነሣት አለበት፤ የሞተር ፍሪሲዮን የሚያዘው በግራ እጅ ነው። «እናት ሀገር ወይም ሞት» ብሎ እጁን ያነሣ ሁሉ ፍሪሲዮኑን ለቆ፣ ሞተሯ ዘላ፣ ከመፈክሩ ሁለት ምርጫ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል። እኔ ሦስት ጊዜ ቀርቤያለሁ።

ፈዲላ ተራዋ ሲደርስ መፈክሩን ገና ሳትነሣ በሁለት እግሯ ቆማ አሰምታ ጨረሰች፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ለሞተሯ ሰጠች። ሜዳውን ዞረች። ፍሬኑን ያዘች፤ ቆመች። እንደገና ዞረች። እኛ አፋችንን ከፍተን አየናት።

«እንዴት አወቅሽው?» አላት ኑርዬ፣ ከልቡ ተበሳጭቶ።

«አላወቅኩም። እናንተ በቅሎ ታውቃላችሁ፤ እሱ ነው የሚጥላችሁ። እኔን ልጓም አስይዞኝ የሚያውቅ ሰው የለም። በሠርጌ ቀን እንኳ ቁጭ አልኩ እንጂ በቅሎዋን የሳበው ሚዜ ነው። እና ጓድ ሙሉአለም ያለውን ብቻ ነው የማደርገው፣ ወላሂ።»

ኑርዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ በቅሎ ማውራት ቀነሰ።

ወሬው ጓድ አብተው ዘንድ ደረሰ። ሴት ሞተር ነዳች ሲባል መጀመሪያ ሳቀ፤ በደንብ ነዳች ሲባል ሳቁን አቆመ። የፈተናው ዕለት ሸሚዙን አስተኩሶ ሜዳው ላይ ቀድሞን ተገኘ።

ፈተናው ቀላል ነው። ነጂው በፍጥነት ይመጣል፤ እግረኛ መንገድ መሀል ይቆማል፤ ነጂው እግረኛው ፊት ማቆም አለበት። እግረኛ የሆነው ጓድ ሙሉአለም ነበር። ኑርዬ መጣበት፣ ሳበ፤ ጓድ ሙሉአለም ፊሽካውን እንደነከሰ ወደ ቄጠማው ዘለለ። እኔም መጣሁበት። ከዚያ በኋላ ጓድ ሙሉአለም ለሦስተኛው ሌላ እግረኛ ይፈለግ አለ።

«እኔ እቆማለሁ፤» አለ ጓድ አብተው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ሴት ትልቅ ሰው ፊቷ ስታይ ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ትወድቃለች ብሎ ነው። ወገቡን ይዞ መንገዱ መሀል ተተከለ፤ ዓይኑንም አፈጠጠ።

ፈዲላ መጣች። ማርሽ ቀነሰች፣ ፍሬን ያዘች፣ ከፊቱ በቂ ርቀት ትታ ቀጥ አለች። ሞተሯ እየሠራች፣ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ «እንደምን አደሩ» አለችው። እኔ ማጨብጨብ ጀመርኩ። የሚከተለኝ ሰው ስላጣሁ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ጓድ አብተው ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«አትወርጅም?» አላት።

«የት ልውረድ?»

«እኔ ቆሜ አንቺ ተቀምጠሽ ነው እንደምን አደሩ የምትይኝ? አባትሽ ትልቅ ሰው ሲያይ ከበቅሎ አይወርድም ነበር?»

«ይወርድ ነበር፤» አለች ፈዲላ። «ጓድ ሙሉአለም ግን ነጂ ለማንም አይወርድም፣ እሱ የባላባት ጊዜ ነው ብለው አስተምረውናል። ከኋላ የሚመጣ መኪናም አለ።»

ሁላችንም ወደ ጓድ ሙሉአለም ዞርን። ጓድ ሙሉአለም ሐይቁን ያይ ነበር። ደሴ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ያውም ተቆጥቶ የሚጽፍበት ሊቀ መንበር ካለ ደመወዙ አይደለም የሚቀረው፣ እሱ ራሱ ሰፈራ ጣቢያ ይመደባል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ቀን በድንጋይ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

«በመርሕ ደረጃ ልክ ናት፤» አለ በመጨረሻ። «በተግባር ደረጃ ግን... የአክብሮት ጉድለት ታይቶባታል።»

እንዲህ ሆኖ ፈዲላ በማቆም አልፋ ባለመውረድ ወደቀች። ሞተሯ በዚያው ሳምንት «ለቅስቀሳ ሥራ» ለጓድ አብተው ተመደበች። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው። እሱ ራሱ ትምህርቱን አልተማረም፣ ፈተናም አልተቀመጠም፤ በአመራር ልምዱ ብቁ ነው ተባለ። ልምዱ ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። መሬት ሲታወጅ ከአንድ ባላባት የወረሳት ሠጋር በቅሎ ነበረችው፤ እርጅና እስኪገድላት ድረስ ሲጋልባት ኖሯል።

ጓድ አብተው ቀጥ ባለው አስፋልት ከሰሜን በር እስከ ደቡብ በር ይመላለስ ጀመር። ሕዝቡ ከደጃፉ ብድግ ይልለታል፤ ባለ በቅሎው ይወርድለታል። ለማቆም ሲፈልግ ሞተሯ በራሷ እስክትዝል መጠበቅ ስለነበረበት ስብሰባ የሚመራበትን አዳራሽ እያለፈ ይሄዳል፤ ሁለት ሰው ሮጦ ይይዘዋል። ፈዲላ ደግሞ ሣጥኗን በትከሻዋ አድርጋ ወደ አምባሰል በእግሯ ወጣች። በረዶው ያው ቦታ ላይ ቀለጠ። ስትመለስ ገበያው ዳር አገኘኋት።

«አብሽሪ፣ ፈዲልዬ፤» አልኳት።

«አብሽሪ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የሚቀጥለውን ከእሷ የሰማሁት ነው። ጓድ አብተው አስፋልቱ ሰለቸውና ቅስቀሳውን ወደ አምባሰል ጥርጊያ ወሰደው። ፈዲላ በሌላ ዙር ሣጥኗን ተሸክማ ያን ዳገት ስትወጣ፣ ከላይ በኩል ሞተሯ ስትመጣ ሰማች። ከጓድ አብተው ፊት ሼህ ዘይኑልአቢዲን በበቅሏቸው ይመጡ ነበር። ሼሁ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ዓይናቸውም ተስቢሃቸው፣ መቁጠሪያቸው ላይ ነው። ጓድ አብተው ጡሩንባውን ነፋ፤ ሼሁ አልወረዱም። አጠገባቸው ሲደርስ አንገቱን አዙሮ «ለምን አይወርዱም» ብሎ መቆጣት ጀመረ። በቅሏ ደነበረች። እሱም ደነገጠና፣ የባላባቱ በቅሎ እንዳስለመደችው፣ በሙሉ ኃይሉ ሳበ።

ሞተሯ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ እሱ ወደ ታችኛው እርከን ወረደ። ሼሁ ነገሩን ያወቁት በቅሏቸው ስትረጋጋ ነው።

ፈዲላ ሣጥኗን አስቀምጣ ወረደች። እግሩን በሁለት እንጨት አሰረችለት፤ ገበሬዎች ተጠርተው ቃሬዛ ሠሩ። ሞተሯን ያለ እሷ የሚያወርድ ስለሌለ አስነሥታ ከኋላቸው ተከተለች። ቃሬዛ ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው፤ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመች ነው የመጣችው።

ቀኑ የሐይቅ ገበያ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከፊት ቃሬዛው፣ ከኋላው ቢጫዋ ሞተር ቀስ እያለች ብቅ አሉ። አገራችን ቃሬዛ ሲያልፍ የተቀመጠው ይነሣል፣ የተቀመጠበት ከብት ካለ ይወርዳል። ባለ በቅሎው ወረደ፣ ባለ ፈረሱ ወረደ፣ ግመል ላይ የነበረ አንድ የአፋር ነጋዴም ግመሉን አንበርክኮ ወረደ። አንዱ «ኢና ሊላሂ» ሲል ሌላው «ነፍስ ይማር» አለ። ማን እንደሆነ ሲታወቅ ግን አልቃሾቹ ድምፃቸው ትንሽ ከላይ ከላይ ሆነ።

«አልሞትኩም» ይላል ጓድ አብተው ከቃሬዛው ላይ። «ሰዎች፣ አልሞትኩም። ተቀመጡ።»

ማንም አልተቀመጠም። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተወርዶለት አያውቅም። ፈዲላም ሞተሯን አጥፍታ ወረደችና እየገፋች ተከተለች። በኋላ ለምን ወረድሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰው ሁሉ ወርዶ እኔ ብቻ ልቀመጥ? ነውር አይደለም?»

ጓድ አብተው ደሴ ሆስፒታል ገባ፤ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ተለበደ። ኮሚቴው ያለ ሊቀ መንበሩ መሰብሰብ አይችልም፤ ካልተሰበሰበ ምደባ የለም፤ ሞተሯን ቁልፉ ያለበት ሰው ይነዳታል። ቁልፉ ፈዲላ ኪስ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ የበረዶውን ሣጥን ከኋላዋ አስራ ወጣች። ላይ ስትደርስ ሣጥኑ ሲከፈት በረዶው እንዳለ ነበር። እናቶቹ በረዶውን በጣታቸው ነክተው አረጋገጡ አሉ።

የክትባቱ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ከኩፍኙ ሌላ የትክትኩና የፖሊዮው ሦስት ዙር አለው፣ በየመሀሉም ወር መጠበቅ ነው። እናቶቹ የገባቸው ቶሎ ነው። ጓድ አብተው ከዳነ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ኮሚቴው ከተሰበሰበ በረዶው ይቀልጣል። ስለዚህ አሲያ የምትባል የአራት ልጆች እናት በሰልፉ ላይ እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። «ያረቢ፣ ሰውየውን አትግደልብን። እግሩን ብቻ እስከ ሦስተኛው ዙር ያዝልን።» ክርስቲያኖቹም ዳር አልቆሙም። ወይኒቱ ሦስተኛው ዙር ሳይስተጓጎል ካለቀ ለግሸን ማርያም ጧፍ ላስገባ ብላ ተሳለች።

ሁለተኛው ዙር እንዳለቀ እኔና ኑርዬ ደሴ ሄደን ታማሚውን ጠየቅነው። እግሩ በገመድ ተሰቅሏል። ከስቶ ነበር፤ ትንሽ አሳዘነኝ፣ ብዙ ግን አይደለም።

«ሕዝቡ እንዴት ነው?» አለን።

«ስለ እግርዎ ዱዓ ላይ ነው፤» አለ ኑርዬ። «አምባሰል ከላይ እስከ ታች። ግሸን ድረስ ስለት ተስለዋል።»

ኑርዬ አልዋሸም።

ጓድ አብተው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቆይቶ በመሐረቡ ዓይኑን ጠረገ።

«እንዲህ ይወዱኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤» አለ። «ሐኪሙ አጥንትህ ለምን ቶሎ እንዳልገጠመ አልገባኝም እያለኝ ነው። አደራ፣ ዱዓቸውን እንዳያቋርጡ ንገሩልኝ።»

መልእክቱን ለፈዲላ ነገርናት። በሦስተኛው ዙር በሞተሯ ይዛ ወጣችና ለተሰለፉት እናቶች ቃል በቃል አደረሰች። እናቶቹም አሚን አሉ።